ደምሴ የሚባል አናውቅም

ሰሞኑን አብሮኝ የሚሠራ ወጣት በስልክ ጥያቄ ላከልኝ። በኮምፒውተሩ ላይ ፕሮግራሞችን የሚጭነውንና የትኛው ፋይል የየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የሚያውቀውን ፓኬጅ ማኔጀር፣ «ይህ ፋይል የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው «የማንም አይደለም» አለው። የጠየቀው ግን ሊንክ ኖሯል፤ ሌላ ቦታ ላለ ፋይል የተሰጠ ሁለተኛ ስም። «ጋሼ፣ ማኔጀሩ ሊንኩን ተከትሎ ማየት ነበረበት ወይስ የተጠየቀውን ብቻ መመለስ?» ይለኛል። ወዲያው ሸዋ ሮቢት ትዝ አለችኝ።

ሥራ ስጀምር ከደብረ ሲና ብርድ ወርጄ የአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተሮችን እጠግን ነበር። ቆላውን የመረጥኩት ሙቀት ወድጄ አይደለም። እናትና አባቴ አርፈዋል፤ አባቴ የይፋት ሰው ነበርና ዘመድ አገኛለሁ ብዬ ነው። ከሥራ ስወጣ፣ ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች አቧራውን እያቦነኑ ሲያልፉ፣ ያገኘሁትን ሽማግሌ እጠይቃለሁ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የደምሴ።»

«ደምሴ የሚባል አናውቅም።»

በሰው መሀል እንደዚያ ብቸኛ ሆኜ አላውቅም።

አንድ ቀን ማንጎ የሚሸጡልኝ እትዬ ዘሀራ ስለ አባቴ ስጠይቅ ሰምተው ትኩር ብለው አዩኝ።

«ደምሴ ደገኞቹ ያወጡለት ስም ይሆናል። እዚህስ ማን ነበር የሚባለው?»

«እንጃ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ ‹በልጅነቴ ግመል ረግጦኝ ነው› ይል ነበር።»

የያዙትን ማንጎ አስቀመጡ። «ሰይድ ነዋ። የመዲና ወንድም። አላህ ይርሐመው።»

ወደ አክስቴ ወደ መዲና ቤት ወሰዱኝ። በሩ በሽቦ ታስሯል። እኔ ከመውረዴ በፊት በነበረው ክረምት አርፋለች፤ ልጅም አልነበራት።

«ስንቴ ደብረ ሲና ወጣች መሰለህ» አሉኝ እትዬ ዘሀራ። «ሰይድ የሚባል ሰው አለ ወይ ብትል፣ የለም እያሉ መለሷት።»

የመለሷት ሰዎች አልዋሹም። ጎረቤቶቻችን የሚያውቁት ደምሴን ነው። ምናልባት እሷ ስትጠይቅ እኔ እዚያው መንገድ ዳር ኳስ እጫወት ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለወጣቱ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ፓኬጅ ማኔጀሩ መጀመሪያ የሊንኩን ባለቤት ይናገር። ከዚያ ተከትሎ ይሂድና የሚደርስበትን ፋይል ባለቤትም ይናገር። ሁለቱንም ሳያይ የማንም አይደለም አይበል።»

«እሺ ጋሼ፤ ግን መልሱ ይዘገያል» አለኝ።

«ይዘግይ» አልኩት።