ከስናር መካከል ያለችው ጥቁር ፍሬ

እህል መልቀም የጀመርሁት በደርግ ጊዜ ዳባት ነው። የመጀመሪያው ቀን እህል ነጋዴዋ እትዬ ዘይነባ ሰፌድ ሰጡኝና፣ «የምቀጥረው ዓይንሽን ነው፤ እጅ ያለውማ ሞልቷል» አሉኝ። ጠጠርና እንክርዳድ ስለቅም ውዬ አንገቴ ደነዘዘ። «አይዞሽ፣ ይለምዳል» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ወዲያ በእሳቸው ሥራ እግሬ አላረፈም። ሊማሊሞን በጭነት መኪና እየወረድሁ ዛሪማ ድረስ ማሽላ ለቅሜአለሁ። ቤቴ ግን ደባርቅ ነበር።

አንድ ዓመት ገብሱን በረዶ መታው፤ ስናር የሚሉት ገብስ መሳይ አረም በረታበት። ጎረቤቴ ዓለምነሽ ጨቅላዋን ታቅፋ፣ «እህት ዓለም፣ ስናሩን ተይልኝ፤ እሱን ካወጣሽውማ ምን ይተርፈኛል?» አለችኝ። አዘንሁላትና ጠጠሩን ብቻ አውጥቼ ሰጠኋት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጩኸት ሰምቼ ሮጥሁ። ዓለምነሽ «እግሬን እሳት በላኝ፤ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀይ ሰዎች ይሄዳሉ» ትላለች። ባሏ ካሳ ገመድ ይዟል።

«ለሥራ ከሰነበትሁበት ከድብ ባሕር ትናንት ስመለስ እንዲህ ሆና አገኘኋት። ልጁን ልትጥለው ነው። አስሬ ጠበል እወስዳታለሁ» አለኝ።

«ምን ስትበላ ሰነበተች?»

«አንቺ የለቀምሽላትን ነዋ!»

ጆንያውን ሰፌድ ላይ አፈሰስሁት። ከስናሩ መካከል የአይጥ ኩስ የምትመስል ጥቁር ፍሬ አገኘሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ እፍኝ ሙሉ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር።

«ካሳ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ገመዱን ጣልና ጤና ጣቢያ እንውሰዳት» አልሁት።

ጤና ረዳቱ ፍሬዋን በመዳፉ አገላበጣት። «ከዚህች የወላድ ደም ማቆሚያ መርፌ ይሠራል፤ በቂጣ ሲበሏት ግን ታሳብዳለች» አለ። እህሉን አስጣላቸው፤ መርዙ በጡቷ እንዳያልፍም ለልጁ የላም ወተት አዘዘ። ውሎ አድሮ ቀይ ሰዎቹ ጠፉላት። «እግሬን ግን አሁንም ይበርደኛል፤ የካልሲ ዕዳ ያለብሽ አንቺ ነሽ» ብላ ቀለደችብኝ። ይቅርታዋ ይኸው ነበር፤ ዛሬም አመሰግናታለሁ።

ምክንያቱን የነገረችኝ ፋርማሲ የተማረችው የልጅ ልጄ ናት። ጥቁሯ ፍሬ ለካ ስናሩ ዛላ ላይ የምትበቅል የሻጋታ ዘር ናት። አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባል መልእክተኛ አለ፤ ተቀባይ የሚሉት የራሱ በርጩማም አለው። የፍሬዋ መርዝ መልኩ እሱን ስለሚመስል በርጩማው ላይ ይቀመጥና ማንም ያልላከውን መልእክት ያደርሳል። ያኔ ሰው የሌለውን ያያል። የደም ሥር ላይም እንዲህ ያለ በርጩማ አለ፤ መርዙ እዚያ ሲቀመጥ ሥሩ ይኮማተራል፣ እግር ይቃጠላል።

ለእትዬ ዘይነባ ጥፋቴን ስነግራቸው ያባርሩኛል ብዬ ነበር። «ጥቁሯን የምታውቅ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ሌላ ማንን ልቀጥር?» አሉኝ። ነፍሳቸውን ይማር።

እናንተ ለቃሚዎች፣ የእህሉ ባለቤት ብትለምናችሁም ስናሩን አውጡ። ሰው ሲለወጥባችሁም ገመድ ከመፈለጋችሁ በፊት ጆንያውን ሰፌድ ላይ አፍስሱ።