ድምፅ አልባዎቹን ያናገሩ ሰው

ዓርብ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ደሴ መናኸሪያ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የመካነ ሰላሙ ሚኒባስ ሞልቷል፤ እኔ ኮምፒውተሬን ጭኔ ላይ አቅፌ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ።

ስለ ጥንቱ የሆሊውድ ድምፅ አልባ ፊልም ተዋንያን እጽፋለሁ፤ በተለይ ስለተረሱት። ባለፈው ወር ፋንቱ የምትባል አንባቢ ከመካነ ሰላም ጻፈችልኝ፦ «አባቴ እነዚያን ፊልሞች በየገበያው ያሳዩ ነበር። የሁሉንም ንግግር የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም።» እናቱን ተሰናብቶ ከተማ ስለሚገባ ልጅ የሚያወራ አንድ ፊልም እንደሚያነሡም ነገረችኝ። ፊልሙን ፈልጌ ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩት።

3 ሰዓት ተኩል፣ አቀስታ

የጉጉፍቱን ተራራ ጉም አልፈን ፍርፍርና ትኩስ ሻይ ላይ ደረስን። ሾፌሩ ከማል የመጣሁበትን ሲሰማ ሳቀ።

«አያቴ ገበያ ላይ አይተዋል። ፊልሙ ላይ ያለው ፈረንጅ ከመሰላል ሲወድቅ ‹እኔን!› ብለው ሊያነሡት ሄደዋል አሉ።»

8 ሰዓት፣ መካነ ሰላም

አቧራ ለብሰን ገባን። ፋንቱ ከቤሩት ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ትሸጣለች። አባቷ ጋሽ እሸቴ ሰማንያን አልፈዋል፤ ጋቢያቸውን ደርበው ሱቋ በር ላይ ተቀምጠዋል። ፊልሙን ሲያናግሩ ድምፃቸውን ልቅዳ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አይሆንም» አሉ።

«ለምን ጋሼ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በፊልሙ መሐል ጽሑፍ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ። እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። ሕዝቡ አፍ አፌን ያያል፤ ከራሴ እየፈጠርኩ አወራለሁ። ሰው ሁሉ የማነብ ይመስለው ነበር። አሁን የተማረ ሰው ፊት ላዋርድ ራሴን?»

ፋንቱም ይህን ሰምታ አታውቅም። «አብሽር አባዬ» አለቻቸው።

እኔም ኮምፒውተሩን ከፍቼ ያንን ፊልም አስጀመርኩ። አሮጊቷ እናት በር ላይ ቆማለች፤ ልጇ ሻንጣውን አንሥቷል። ጋሽ እሸቴ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ጽሑፉ ሲመጣ ከአፋቸው የሴት ድምፅ ወጣ፦ «ሂድ ልጄ። ባይመችህ ግን እንዳታፍር፤ ተመለስ። በሩን አልቆልፈውም።»

ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አቆመ። ሰው በሩን ሞላው። በስልኳ ስትቀርጽ የነበረችው ፋንቱ ስልኩን አውርዳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሳቸው ልጁንም ፖሊሱንም ውሻውንም ሆነው እስከ መጨረሻው ዘለቁት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በል እውነቱን ንገረኝ። እናትየዋ ጋ ምን ይላል?»

ወደ ኋላ መለስኩት። «‹ኮትህን እንዳትረሳ› ነው የሚለው።»

«ኮት ብቻ?»

«ኮት ብቻ።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ልብስ ሰፊው «የእርስዎ ይሻላል ጋሼ» አለ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው።

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

ጋሽ እሸቴ ሊሸኙኝ መናኸሪያ ድረስ መጡ።

«እናት ሆና የሠራችው ሴትዮ ስሟ ማን ነው?» አሉኝ በመስኮት።

«አልታወቀም ጋሼ። ፊልሙ ላይ አልጻፉትም።»

«ይህን ያህል ሠርታ? እኛ ጋ ብርቄ ነበር የምንላት። እዚህ ቦረና ሙሉ ብርቄ ነው የሚላት። ሌላ ከሌላት እሱን ጻፍላት።»

ሚኒባሱ ሳይነሣ ማስታወሻዬን አውጥቼ ጻፍኩላት።