አባዬን በኤምአርአይ ያነሳሁ ቀን

አባዬ ቡታጅራ ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ይሰፋ ነበር። ሰው ወደ እሱ የሚመጣው ሱሪ ለማሳጠር ብቻ ሳይሆን ለመሳቅም ነበር። አንድ ወፈር ያሉ ነጋዴ ወገባቸውን ሊያስለኩ ሲመጡ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ጨምረው ነው ወይስ ሜትሬ ታጥቦ አጥሮ ነው?» ይላቸዋል። ሰውየው ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አርፎ አይቀመጥም። ከጎኑ ላለው ሰው አንድ ነገር ሹክ ይልና ያንን ምስኪን ሳቁን እንዳፈነ ያስቀረዋል፤ እማዬ ከሴቶቹ በኩል በዓይኗ ትቆጣዋለች።

ከአባዬ ሱቅ ቀጥሎ የበርበሬ መደብር ነበር። ባለቤቱ የመስቃን ሰው ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው፤ ከአባዬ ጋር ከልጅነት ጀምሮ አይለያዩም። እኔ ጋሼ እያልኩ ነው ያደግሁት። በረመዳን አባዬ እሳቸው ፊት ውሃ አይጠጣም። እሳቸው ደግሞ እሁድ ጠዋት አባዬ ሱቁን ሲዘጋ የእሱን ደንበኞች ተቀብለው ጨርቃቸውን ያስቀምጡለታል።

እኔ ኮሌጅ ጨርሼ ወልቂጤ አንዲት ክሊኒክ ውስጥ ራጅ ማንሳት ጀመርኩ። ከሚሊኒየሙ በኋላ ግን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የምርመራ ማዕከል ኤምአርአይ አስገብቶ ባለሙያ ሲፈልግ ተወዳድሬ ገባሁ። ራጅ አጥንት ነው የሚያሳየው፤ ይኼ ማሽን ግን በማግኔት ኃይል የአንጎልን ሥጋ እጥፋት በእጥፋት ቁልጭ አድርጎ ያወጣል። የመጀመሪያዎቹን ምስሎች ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሥራ ነው ብዬ ሳይሆን ደስ ብሎኝ ነበር የምገባው።

በማዕከሉ አንዲት ራዲዮሎጂስት ነበረች፤ ምስል አይታ በሽታን የምትለይ ሐኪም። በዚያን ጊዜ ጥናት ጀምራ ነበር። ጠባያቸው የተለወጠ፣ የሚረሱ፣ ወይም እንደ ልባቸው መናገር ያቃታቸው ትልልቅ ሰዎች «እርጅና ነው» ወይም «አእምሮው ታሞ ነው» እየተባሉ ቤት ይቀራሉ። እሷ የእነዚህን ሰዎች አንጎል በምስል አይታ፣ ስንቶቹ ሊድን የሚችል ነገር እንዳለባቸው ማወቅ ፈለገች። እብጠት ያገኘችባቸውን ደግሞ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም ብላ ከምስሉ ብቻ ትገምታለች፤ ሰውየው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ግምቷን ከላቦራቶሪው ውጤት ጋር ታስተያያለች። ማሽኑን የማንቀሳቅሰው እኔ ነበርኩ። ከሰው በኋላ ሰው ባነሳሁ ቁጥር፣ ያ የሷ ጥያቄ የእኔም እየሆነ ሄደ።

የአባዬ ነገር የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ የጠፋው ቀልዱ ነበር። እማዬ ስልክ ደውላ፣ «አባትሽ ዝም ብሏል» አለችኝ።

«ተጣልታችሁ ነው?»

«ኧረ ቢጣላኝ በምን ዕድሌ! ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ብላ ሲሉት ይበላል፤ ተኛ ሲሉት ይተኛል።»

ሰው ይህን እንደ ክፉ ነገር አላየውም። አንዳንዱ «ዕድሜ ነው» አለ፤ አንዳንዱም «ረጋ አለ፣ ተመስገን» አለ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቤት ድረስ እየመጡ ጸለዩለት። ራሱን እንደሚያመው ጤና ጣቢያ ሲናገር የሚዋጥ ክኒን ሰጡት። ለበዓል ቤት ስሄድ እኔም አየሁት፤ ጉንጬን ስሞኝ ተቀመጠ፤ አንዲት ቃል አልጨመረም። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ መኪና ላይ ሆኜ እስከ ቡኢ ድረስ አለቀስኩ፤ ግን ደክሞት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ጋሼ ደወሉልኝ። ከሰላምታና ከአልሃምዱሊላህ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ዛሬ የሆነውን ልንገርሽ። የጨርቅ ቃጠሎ ሸተተኝና ሮጬ አባትሽ ሱቅ ገባሁ። የከሰል ካውያውን የሰው ሱሪ ላይ ትቶት ጭሱ ሱቁን ሞልቶታል። እሱ አጠገቡ ተቀምጧል። ‹አንተ ሰውዬ፣ አይሸትህም?› ስለው፣ ‹ምኑ?› አለኝ። አላህ ምስክሬ ነው፣ እየቀለደ አልነበረም።»

ስልኩን እንደያዝኩ ዶክተሯ ክፍል ገባሁ። የጋሼን ቃል እንዳለ ነገርኳት። እሷ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ማሽተት ካቃተውና ጠባዩ ከተለወጠ፣ ከግንባሩ ኋላ ያለውን ቦታ ማየት አለብን። አምጪው፤ ከጥናቱ ጋር አብሮ ይታያል» አለችኝ።

በሳምንቱ ጋሼና እማዬ አባዬን ይዘውት መጡ። ማግኔቱ ብረት ስለሚስብ ማንኛውም ሰው ከመግባቱ በፊት ይፈተሻል። የአባዬን ኮት ክፈፍ ስዳስስ መርፌ አገኘሁ። ነቀልኩት። ሌላ አገኘሁ። ልብስ ሰፊ አይደል፣ መርፌ የሚያስቀምጠው እዚያ ነው፤ ከኮሌታው፣ ከኪሱ አፍ፣ ከእጅጌው ሁሉ እየነቀልኩ ጋሼ መዳፍ ላይ ሞላሁት። ጋሼ፣ «ይኼ ሰውዬ ጃርት ነው እንዴ!» ሲሉ እማዬ ሳትወድ በግድ ሳቀች። አባዬ ብቻ አልሳቀም።

አስተኝቼው ወጣሁና ከመስታወቱ ወዲህ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ኳኳታውን ጀመረ። የመጀመሪያው ምስል ሲወጣ መሃሉ ላይ አንድ የማይገባ ነገር እንዳለ አየሁ። ነርሷ በደም ስሩ ምስሉን የሚያጎላ ቀለም ከሰጠችው በኋላ ደግሞ ያ ነገር እንደ ትልቅ ብርቱካን ክብ ሆኖ ቦግ አለ። ከሁለቱ የፊት አንጎል ክፍሎች ሥር ተቀምጦ ወደ ላይ ገፍቷቸዋል። የሌላ ሰው ሲሆን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! በድምፅ ማጉያው የአባዬ ድምፅ መጣ።

«ጨረስሽ፣ ልጄ?»

«ትንሽ ነው የቀረው አባዬ፤ እንዳትነቃነቅ» አልኩት። እንባዬ እየወረደ ድምፄ እንዴት እንዳልተንቀጠቀጠ አላውቅም።

ዶክተሯ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ምስሎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ወደ ታች ገፋቻቸው፤ አጎላቻቸው። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ተመልከቺ፤ እንደ ባለሙያ ተመልከቺ» አለችኝ። «ጠርዙን አየሽው? ልሙጥ ነው። ይኼ ቀጭን መስመር እብጠቱን ከአንጎሉ ይለየዋል። ከአንጎሉ ውስጥ አልበቀለም፤ ከሽፋኑ ነው የተነሳው። አንጎሉን ተጫነው እንጂ አልበላውም። የኔ ግምት ካንሰር አይደለም ነው። የሚወጣ ነገር ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ ዶክተር?»

«ላቦራቶሪው ሳያረጋግጥ እርግጠኛ ነኝ አልልም። ግን ለዚህ ግምት ነው ይህን ሁሉ ሰው ያነሳነው።»

ኮሪደር ወጥቼ ስነግራቸው እማዬ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ጭንቅላቱን ሊከፍቱት? ጌታ ሆይ!» ጋሼ ግን ረጋ ብለው፣ «እህቴ፣ እሱ ራሱ ጨርቅ ሳይቀድ ሰፍቶ ያውቃል?» አሏት። እማዬ ዓይኗን ጠርጋ ፈረመች።

አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል የተደረገለት ቀዶ ሕክምና ቀኑን ሙሉ ወሰደ። እማዬ በአንደኛው የኮሪደሩ ጥግ አንገቷን ደፍታ ስትጸልይ፣ ጋሼ በሌላው ጥግ ምንጣፋቸውን አንጥፈው ይሰግዱ ነበር። እኔ በሁለቱ መሃል ተቀምጬ ያ ልሙጥ ጠርዝ ዓይኔ ላይ ይመላለሳል። ቀዶ ሐኪሙ ወጥቶ፣ «ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ምስሉ እንዳለው ነው ያገኘሁት» ሲለን እማዬ ሐኪሙን ትታ ጋሼን አቀፈቻቸው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አባዬ በእንቅልፍ ነው ያሳለፈው። ከዚያ አንድ ጠዋት ሐኪሙ ፋሻውን ሊቀይር ፈትቶለት ሳለ መስታወት ጠየቀ። ሰጠሁት። ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰፋውን ቁስል ረጋ ብሎ፣ እንደ ሥራው አድርጎ መረመረው።

«ዶክተር» አለ፤ «እጅዎ ይባረክ። ግን ይኼን ስፌት ቡታጅራ ቢያሳዩ ደንበኛ አያገኙም።»

ጋሼ በሳቅ ፈነዱ። ሐኪሙ ፋሻውን እንደያዘ ከግድግዳው ተደግፎ ሳቀ። እማዬ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ እኔም እንደዚያው። በክፍሉ የተኙት ሌሎች በሽተኞች ምን እንደሆነ ባያውቁም አብረውን ሳቁ። የላቦራቶሪው ውጤት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ካንሰር አልነበረም። ዶክተሯ ወረቀቱን እያሳየችኝ ጮቤ ረገጠች። በጥናቱ ውስጥ ካንሰር ነው ያለችው ግምቷ ልክ ሆኖ ያሳዘነን ሰውም ነበር፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቀን እንዴት እንደምንደሰትበት ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ቡታጅራ ስንመለስ ሰፈሩ ደጃችን ላይ ነበር። በእኛ ቤት በሬ ታርዶ ክትፎው ከቆጮና ከአይብ ጋር ቀረበ። ጋሼ በእስላም ቢላ ያሳረዱትን ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን አስቀረቡ፤ ግቢው ግን አንድ ነበር፤ ጨዋታውም አንድ። ማሽተቱ ግን አልተመለሰለትም፤ ሐኪሞቹም ይህን ነግረውት ነበር። እማዬ የክትፎውን ጣባ አፍንጫዋ ስር ይዛ ኮሰረቱንና ቅቤውን ስትተርክለት፣ «በይ በይ፣ አሁን ጠገብኩ» ይላታል።

ዶክተሯ ጥናቷን ጨርሳ ወልቂጤ ላይ ለዞኑ የጤና ባለሙያዎች ስታስረዳ፣ አባዬም እንግዳ ሆኖ ተጠራ። እኔ ምስሎቹን በግድግዳው ላይ አሳየሁ። የራሱን አንጎል በዚያ ትልቅነት ሲያይ፣ «ይኼን ያህል ነበረኝ እንዴ?» አለ። ከዚያ እንዲናገር ማይክሮፎን ሰጡት።

«ሰው ሲያብድ ቶሎ ትይዙታላችሁ» አለ። «እኔ ግን ጨዋ ሆንኩ። ዝም ስል ጊዜ አገሩ ሁሉ አመሰገነኝ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሽማግሌ አድርገው ሊሾሙኝ ስሜን ይዘው ነበር። ዕጢው ነው እኮ ሊሾም የነበረው! እናንተ ልጆቼ፣ ቀልደኛ ሰው ድንገት ጨዋ ከሆነባችሁ፣ አታመስግኑ፤ አንጎሉን እዩለት።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሳይበርድ አንዲት የገጠር ጤና ባለሙያ ከኋላ ተነስታ፣ በእሷ ቀበሌ ከቤት መውጣት ያቆሙ፣ መራመድ የሚከብዳቸውና ስም የሚረሱ አንዲት እናት እንዳሉ ተናገረች። ዶክተሯ እዚያው ቀጠሮ ሰጠቻት። እኒያን እናት እኔው አነሳኋቸው፤ አንጎላቸው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ነበር፤ ውሃው ሲፈስላቸው የልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ ጠሩ።

ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ የተመለስነው በዚያው ቀን በተራራው መንገድ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሁላችንም ደክሞን ልንተኛ ፈልገን ነበር። አባዬ ግን ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ስለ አንጎሉ ያወራዋል፤ ሾፌሩ ከመሳቁ የተነሣ ጥምዝምዙ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። እማዬ ከኋላዬ ሆና፣ «ኧረ ሰውዬውን ተወው፣ ገደል ሊከተን ነው!» ትላለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ቁጣ የሚባል አልነበረም።