መሬቱ እየቀረበ ነው

ቢሊያና አውሮፕላን ትፈራ ነበር። ቢሮ ውስጥ ከእሷ ሌላ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ፕሎቭዲቭ ከተማ አራት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል። ሥራችን አውሮፕላን ከሰማይ ለክቶ የሚያመጣውን ወደ ካርታ መለወጥ ነው። አውሮፕላኑ ሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ የሌዘር ጨረር ወደ መሬት ይልካል፤ ጨረሩ ነክቶ ሲመለስ የእያንዳንዱ ቋጥኝና ዛፍ ከፍታ ይታወቃል። መሣሪያውን ከአብራሪው ኋላ ተቀምጦ የሚቆጣጠር አንድ ሰው አለ። ይህን ሥራ ለሃያ ዓመት የያዘው ስቶይል ነበር። የካቲት ላይ ሐኪም በጀርባ ሕመሙ ምክንያት በረራ ከለከለው። በማግስቱ አለቃችን ዳምያን መጥቶ የቢሊያና ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«መሣሪያውን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም» አላት። «ዛፉ ቅጠል አውጥቶ ጨረሩን ሳይጋርድ የሮዶፒን ተራሮች መጨረስ አለብን። ትበሪያለሽ?»

«እሺ» አለች።

ከሄደ በኋላ ወደ እሷ ዞርኩና «ምን ነካሽ?» አልኳት።

«እምቢ ልል ነበር፣ አፌ እሺ አለ» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው አይቶ ያመጣውን ነው የማየው። እኔም አንድ ቀን ማየት አለብኝ» አለች።

አብራሪው ሁላችንም በአክብሮት «ባይ ራንጌል» የምንለው ሰው ነበር፤ ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ወጣትነቱን እርሻ ላይ መድኃኒት ሲረጭ ያሳለፈ። በመጀመሪያው በረራ ቢሊያና ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ሲያርፉ ያስመለሰችባቸውን ከረጢቶች ደብቃ ልትወርድ ስትል አያት።

«ሁለት ብቻ?» አላት። «ስቶይል በመጀመሪያው ቀን ባርኔጣዬን ነው የሞላልኝ።»

ሳቀች፤ ግን ፍርሃቱ አልቀነሰላትም። ያገኘችው መላ አንድ ብቻ ነው፤ መስኮቱን ትታ ስክሪኑ ላይ ማፍጠጥ። ስክሪኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ቢሮ ውስጥ የምታውቃቸው ናቸው። እነሱን ስታይ ሰማይ ላይ መሆኗን ለጥቂት ጊዜ ትረሳለች።

ሚያዝያ ላይ ከስሞልያን ከተማ በስተ ምዕራብ ወዳለ ጠባብ ሸለቆ ሄዱ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መሬት ተንዶ የሦስት መንደሮችን መንገድ ስለቆረጠ፣ የቀረው ተዳፋት በአስቸኳይ እንዲለካ ተፈልጎ ነበር። ሸለቆውን በአምስት መሥመር እየተመላለሱ መሸፈን ነበረባቸው። አራቱን ጨረሱ። አምስተኛውን ሲጀምሩ ደመና ከደቡብ መጥቶ ሸለቆውን እንደ ክዳን ይከድነው ጀመር።

«ትንሽ ዝቅ ልበል» አለ ባይ ራንጌል በማዳመጫው። «ይቺን ጨርሰን እንሄዳለን።»

ከመሬት መራቅ የነበረባቸው ዘጠኝ መቶ ሜትር ነው። ቢሊያና ቁጥሩ ሰባት መቶ ሰማንያ ሲሆን አየች። አብራሪው መሬቱን ራሱ ያያል ብላ ዝም አለች። ስድስት መቶ ሆነ። እሱ ከደመናው ለመሸሽ ይወርዳል፤ ከሥሩ ደግሞ ተራራው ይወጣል። አራት መቶ ሠላሳ። ሦስት መቶ። ቀና ብላ በፊት መስኮት ስትመለከት ግራጫ እንጂ ሌላ አልነበረም፤ ደመናው የቱ፣ ቅጠል አልባው ጫካ የቱ፣ አይለይም። አንገቷን ስትመልስ ስክሪኑ ቀልቷል። ጨረሩ ጠፍቷል።

መጀመሪያ ያሰበችው መሣሪያውን አበላሸሁት ብላ ነው። እጇ ሊያስነሳው ተዘረጋ፣ መሃል ላይ ቀረ። መሣሪያው በራሱ የሚጠፋው መሬት በጣም ሲቀርበው፣ ታች ያለ ሰው ዓይን እንዳይጎዳ እንደሆነ የተማረችው ትዝ አላት። ተራራውን ፈራች፤ ተሳስታ ከሆነ ደግሞ ሰውዬው የሚላትን ፈራች። የትኛው እንደባሰ ዛሬም አላውቅም ትላለች።

«ባይ ራንጌል።»

«አንድ ደቂቃ ነው የቀረን።»

«መሬቱ እየቀረበ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ጨረሩ ጠፍቷል። የሚጠፋው መሬት ሲቀርበው ነው። ሳይጠፋ በፊት ሦስት መቶ ነበር፣ እየቀነሰ ነበር።»

ባይ ራንጌል «አጥብቀሽ ያዢ» አለና አውሮፕላኑን በጎኑ ገለበጠው። ፍጥነት ሲያንስ የሚጮኸው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ማላዘን ጀመረ። ቀበቶው ትከሻዋን ቆረጣት፤ ደብተሯ ከጭኗ ተነስቶ በረረ። በመስኮቱ በኩል የአንድ የአዳኞች ጎጆ ጭስ ማውጫ አየች፤ ከበታቿ ሳይሆን በትይዩዋ። የዛፎቹን ቅርንጫፎች እርጥበት ሳይቀር አየች። ከዚያ ክንፉ ተስተካከለ፣ ሸለቆውም ወደ ታች እየሰፋ ከፊታቸው ተከፈተ።

ወደ ፕሎቭዲቭ የሚወስደው መንገድ በደመና ስለተዘጋ፣ ባይ ራንጌል በወጣትነቱ መድኃኒት ሲረጭ ይጠቀምበት በነበረ፣ አሁን ሣር በወረሰው ሜዳ ላይ አረፈ። ቢሊያና ወርዳ ጎማው ሥር ተቀመጠች። እሱ ሲጋራ አውጥቶ ሳይለኩስ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ከሜዳው አጠገብ ባለ ማሳ ድንች ትተክል የነበረች፣ የአገሩ ሰው ሌሊያ ፋትሜ፣ እትዬ ፋትሜ እንደማለት፣ የሚላት አሮጊት ዶማዋን ጥላ መጣች።

«ማነው እንዲህ ያስደነገጠሽ ልጄ? እሱ ነው?» አለች፣ ባይ ራንጌልን በአገጯ እየጠቆመች።

«ተራራው ነው፣ ሌሊያ።»

«ተራራውማ ድሮም እዚያው ነው። የሄዳችሁበት እናንተ ናችሁ።»

ቤቷ ወስዳ እርጎና ትኩስ ዳቦ ሰጠቻቸው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ባይ ራንጌል ቁልፉን ይዞ ተነሳ፤ እሷ ግን በአውቶብስ እሄዳለሁ አለች። እሱ ብቻውን በረረ።

ዘጠኝ ቀን ሳትበር ቢሮ ከጎኔ ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን ባይ ራንጌል ቢሮ ገብቶ ዳምያን ፊት፣ ሁላችንም እየሰማን ተናገረ።

«የወረድኩት እኔ ነኝ። ተራራውን አላየሁትም። እሷ ባትናገር ዛሬ የምታወሩት ስለ ቀብራችን ነበር።»

በዚያው ቀን አዲስ ደንብ ወጣ፤ የመሣሪያው ሰው ርቀቱን ጮክ ብሎ ያነባል፣ «ተመለስ» ካለ አብራሪው ሳይጠይቅ ይመለሳል። ቢሊያና ደንቡ የተጻፈበትን ወረቀት ደጋግማ አነበበችው።

«ድምፄ ባይወጣስ?» አለችኝ። «ያን ቀን ለምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳልኩ አታውቅም።»

አውቅ ነበር። የበረራውን መዝገብ ከፍቼ አሳየኋት። ጨረሩ ከጠፋበት አንሥቶ አውሮፕላኑ እስኪዞር፣ ንግግራቸው ተጨምሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ነው።

«እኔ ግማሽ ቀን መስሎኝ ነበር» አለች።

በአሥረኛው ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። አምስተኛው መሥመር ገና አልተለካም። ቢሊያና ሳትነግረኝ ጃኬቷን አንሥታ ወጣች። ባይ ራንጌል በኋላ እንደነገረኝ፣ ከመነሻ እስከ መጨረሻ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር፤ ቁጥሩን ግን በየአሥር ሰከንዱ ሳትዘል አነበበች። «ዘጠኝ መቶ አሥር። ዘጠኝ መቶ። ስምንት መቶ ዘጠና» ስትል እሱ «ሰምቻለሁ» ይላል። አንድ ጊዜ አስመለሳት፤ አፏን ጠርጋ ንባቧን ቀጠለች።

በዚያ መሥመር ከመንደሮቹ በላይ ያለው ተዳፋት ላይ በእግር ለሚሄድ ሰው የማይታይ ረጅም ስንጥቅ ተገኘ። አዲሱ መንገድ በዚያ በኩል ሊሠራ ታስቦ ነበር፤ ወደ ማዶ አዞሩት።

ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ቢሊያና አሁንም ትበራለች፣ አሁንም ትፈራለች። በረራ ባለበት ጠዋት ቁርስ አትቀምስም። ለምን እንደማትተወው አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«የማይፈራ ሰው ቁጥሩን አያነብም» አለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።