የአሠሪዎ ስም

ኖሳኬሌ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የወንድ ሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራለች። ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የደረሰው አንድ የስንብት ወረቀትና አንድ ሲሰፋ የተበላሸ ሸሚዝ ነበር። ወረቀቱ የት እንደገባ አታውቅም፤ የሸሚዙን ኮሌታ ግን ተርትራ እንደገና ሰፋችውና ባሏ እስኪሞት ለበሰው። እንዲህ ናት፤ የተጣመመ ስፌት አይታ አታልፍም።

በምትኖርበት ሰፈር በምዳንትሳኔ ሰው ሁሉ በጎሳዋ ስም ማቤሌ ይላታል። አሁን ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የምትተዳደረውም መንግሥት ለአረጋውያን በሚሰጠው ድጎማ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከተማ ወርዳ፣ ከአንድ ትልቅ የልብስ መደብር፣ ሰማያዊ የብርድ ካፖርት በመደብሩ የዱቤ ካርድ ወሰደች። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ትከፍያለሽ ተባለች፤ የተባለችውንም ሳታዛንፍ ከፈለች። የካፖርቱ ክርን ሳስቶ አለቀ፣ ዕዳው ግን አላለቀም። ሰኔ ላይ ጭራሽ ስልኳ ላይ መልእክት መጣ፦ ቀሪውን ካልከፈሉ ስምዎ ከማይከፍሉ ሰዎች መዝገብ ይገባል።

ስሟ! የማንንም ሳንቲም በልታ የማታውቅ ሴት!

በየወሩ የመጣላትን ወረቀት ሁሉ ከብስኩት ጣሳዋ አወጣች። መነጽሯን አድርጋ፣ ስፌት እንደምትመረምር አንድ በአንድ አየችው። ወለድ አለ። የካርድ አገልግሎት አለ። አንድም ቀን ያላየችው መጽሔት አለ። ከሥሩ በደቃቃ ፊደል፣ «ከሥራ ቢቀነሱ የሚከፍልልዎ መድን» ይላል። ሁለቴ አነበበችው። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሳቋ ጠፋ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ከጎረቤቷ ከማድሎሞ ጋር መደብሩ ተሰለፉ። የክፍያ መስኮቱ ላይ ሲፖካዚ የምትባል ልጅ ነበረች።

«ልጄ፣ ይሄ መድን እንዲከፍልልኝ የምሞላውን ቅጽ አምጪልኝ።»

«እንዴ እማማ፣ ከሥራ ተቀነሱ እንዴ?»

«አብረን እንሙላውና እሱን አንቺ ትነግሪኛለሽ።»

ስም ተሞላ፤ አድራሻ ተሞላ። «የአሠሪዎ ስም?»

«አሠሪ የለኝም።»

«እሺ፣ የመጨረሻው?»

«ፋብሪካው ከተዘጋ ሃያ ስድስት ዓመቱ።»

ሲፖካዚ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ አሠሪ ካልተጻፈ እኮ ኮምፒውተሩ አይቀበልም።»

ማቤሌ ድምፅዋን አልጨመረችም፤ ሰልፉ ግን ጆሮውን ሰጣት። «አይቀበልም? ሦስት ዓመት ገንዘቤን ሲቀበል አሠሪሽ ማነው ብሎ አልጠየቀኝም። ለመሆኑ ከምን ሊቀንሱኝ ነው? ከእርጅና?»

«እሱንማ ከቀነሱልን እኔም እከፍላለሁ!» አለች ማድሎሞ ከኋላ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ማኬሌኒ ሳቁን ሰምቶ ወጣ። «እማማ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ፤ ሻይ እየጠጡ እንነጋገራለን።»

«ሻይ ቤቴ ጠጥቻለሁ። ገንዘቤን የሰጠሁት በዚህ መስኮት ነው፤ የምንነጋገረውም እዚሁ ነው።»

ይህን ብላ ጫማ መሞከሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋንም ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ ወደ ዋናው ቢሮ ደወለ። ቆየ። እንደገና ደወለ። ማቤሌ ፊት ለፊቷ የተሰቀለውን ቀሚስ አየች፤ ጠርዙ በአንድ ክር ብቻ ተይዟል፣ በሁለተኛ አጠባ ይለቃል።

በመጨረሻ ሰውየው መጣ። መድኑ ያለ አግባብ ነው የተቆረጠው፤ የሦስት ዓመቱ ተመላሽ ይሆናል፤ መጽሔቱም ይቀራል። ይህ ሲታሰብ ዕዳ የለባትም። «ስምዎን የሚነካው የለም» አላት።

«በጽሑፍ።»

ጻፈላት። ቆማ አነበበችው፤ ማኅተም ጎደለው ብላ መለሰችለት። አተመበት።

«ለይቅርታ ደግሞ» አለ ፈገግ ብሎ፣ «የካርድዎን የብድር ጣሪያ ከፍ እናድርግልዎት።»

«የቤቴ ጣሪያ ይበቃኛል። ካርዱን ዝጋው።»

ሰውየው ወደ ቢሮው ሲመለስ፣ ማቤሌ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «ልጄ፣ ያልተሞላ ቅጽ አለሽ?»

«ስንት ይፈልጋሉ?»

«ነገ ሐሙስ የእናቶች የጸሎት ማኅበራችን ይሰበሰባል። ከእኔ ሌላ አሥራ ሰባት ሴቶች ናቸው፤ ሁሉም ይህ ካርድ አላቸው። አንዳችንም አሠሪ የለንም።»

ሲፖካዚ ወደ ቢሮው በር አየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ቆጥራ ሰጠቻት። ማቤሌም እንደ ልማዷ ደግማ ቆጠረች።

«አሥራ ስምንት ነው። አንድ በዝቷል።»

«አልበዛም» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። «አንዱን ለእናቴ ይሙሉልኝ።»