ጓሳ ላይ ያወለቅኋቸው ዘንጎች

ወንድሜ አራቱንም ጎማ የምታዞረውን ፒክአፗን ሲገዛት የኋላ ዲፈረንሻሏ፣ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርሶች ስብስብ፣ አልቆ ነበር። ከተገለበጠ መኪና ላይ ሎክ ያለው ዲፈረንሻል አግኝቶ አመጣልኝና መሐል ሜዳ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ጋራዤ ራሴ ገጠምኩለት። ሎኩ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ ያስራቸዋል፤ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቢንሸራተት ሌላው ይገፋል። እያንዳንዱን ጥርስ በጣቴ ዳስሼ የገጠምኩት ዕቃ ስለሆነ ውስጡን እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት የጫንነው የቤተ ክርስቲያን ደወል ነበር፤ ወደ ግሼ የሚሄድ። የደብሩ አንድ አረጋዊ ቄስ ሊያስረክቡት አብረውን ተሳፍረዋል። ዕድሜያቸውን ብራና ሲፍቁና ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ወንድሜ ይነዳል፣ እሳቸው መሀል ተቀምጠዋል፣ እኔ በመስኮቱ በኩል ነኝ። ወንድሜ የወሰደኝ መንገድ ላይ ችግር ቢገጥም ብሎ ነው። እኔ ግን ደወሉ ሲሰቀል ማየት ፈልጌ ነበር።

የጓሳን ሜዳ አጋምሰን አንድ ረግረግ ያለበት ጅረት ስንሻገር የኋላ ጎማዎች ሰመጡ። ወንድሜ ሎኩን አስገባና ነዳጅ ረገጠ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ከበታችን ድንጋይ የተፈለጠ የሚመስል ድምፅ ጮኸ፣ ከዚያ እየተንገጫገጨች ወጣች። ትንሽ እንደሄድን አንድ ተዳፋት ላይ አስቆምኩት።

"ዘንግ ተሰብሯል" አልኩት። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው ኃይል ከሚወስዱት ሁለት ዘንጎች አንዱ ማለቴ ነው።

"አንዱ ቢሰበር ምን አለበት? ሎኩ እስከያዘ ድረስ በሌላው እንደርሳለን።"

"ጋሼ፣ ድምፁን ሰምተኸዋል እኮ። ቁራጩ ውስጥ ነው ያለው። ጥርሶቹ መሀል ከገባ ጎማው ድርቅ ይላል። ቁልቁለት ላይ ከነደወሉ ድርቅ ቢልብንስ?"

ወደ መጣንበት ዞሮ አየና "መሐል ሜዳ ተመልሰን አይሱዙ እንለምን" አለ።

"አያስፈልግም። ሁለቱንም ዘንጎች አወጣቸውና በፊት ጎማዎች እንሄዳለን።"

ቄሱ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወርደው ነበር። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩና "ልጄ፣ አጥንቱን ካወጣሽው እግሩ አይወልቅም?" አሉኝ።

"አይወልቅም፣ አባ። የዚህች መኪና ጎማ በራሱ ኩሽኔታ ላይ ነው የቆመው፣ ክብደቱን ዘንጉ አይሸከምም። የዘንጉ ሥራ ማዞር ብቻ ነው።"

"እንግዲያ ጅማት በይው" አሉና ድንጋይ ፍለጋ ሄዱ። በሁሉም ጎማዎች ሥር ድንጋይ አስጠጋን።

የተሰበረው የቀኙ ነበር። ጎማው መሀል ላይ ያሉትን ዳዶዎች ፈታሁ፣ ዙሪያውን በማርቴሎ ቀስ እያልኩ ስመታው ላላና ዘንጉ ወደ እኔ ተንሸራቶ መጣ። ከመጠኑ አጥሮ ነው የወጣው፤ ጫፉ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጠምዝዟል። የቀረችው ቁራጭ እዚያው ውስጥ ናት።

የግራው ግን እምቢ አለ። ዳዶዎቹን ሁሉ ፈትቻለሁ፣ መትቻለሁ፣ አይነቃነቅም። ወንድሜ ከእጄ ማርቴሎውን ተቀብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ይቀጠቅጠው ጀመር።

"ተው፣ ተው!" አልኩት። ወደ ጋቢናው ሄጄ አየሁ። የሎኩን ማብሪያ አጥፍቶታል፣ መብራቱ ግን አልጠፋም። ሎኩ እንደያዘ ቀርቷል፤ መኪናዋ ደግሞ ማርሽ ውስጥ ሆና ተዳፋቱ ላይ ቆማለች። ክብደቷ በሙሉ በዚያ በቀረው ዘንግ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። እንኳን በማርቴሎ በትልቅ መዶሻም ቢመታ አይወጣም ነበር። ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፌ ክሪኩን በግራው ጎማ በኩል አቆምኩ። ጎማው መሬቱን ሲለቅ ቀጭ ብሎ ትንሽ ወደ ኋላ ዞረ፤ የታፈነ ትንፋሽ የተለቀቀ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ዘንጉን በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት። ረጅም፣ ዘይት የጠገበ፣ አንድም ጭረት የሌለበት ሆኖ ወጣ። ደስ አለኝ። ብረት ሲታዘዝልኝ የሚሰማኝን ደስታ ለማንም በደንብ አስረድቼ አላውቅም።

ተሳቤ ከሥር ገባሁና ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚመጣውን ረጅሙን ዘንግ ደግሞ ፈታሁት። እንግዲህ ዲፈረንሻሉን የሚያዞረው ምንም ነገር የለም። የቀረው ዘንጎቹ የወጡባቸውን ሁለት ቀዳዳዎች መዝጋት ነው፤ አለበለዚያ ዘይቱ ይፈሳል፣ ጭቃም ይገባል። የተበሳ ቢጫ ጀሪካን ከጭነቱ ሥር ነበረን። ወንድሜ በቢላዋ ሊቆርጠው ሲታገል ቄሱ ወሰዱበት።

"ወዲህ በል፣ ይሄ የእኔ ሥራ ነው።"

ከኪሳቸው ብራና የሚቆርጡበትን ትንሿን ካራ አወጡ። የዘንጉን ክብ ራስ ፕላስቲኩ ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በጫፏ ጫሩ፣ የቡሎኖቹን ቦታ አንድ በአንድ ወጉ፣ ከዚያ ሁለት ክብ ክዳኖች ቆረጡ። ሁለቱም ልክክ ብለው ገቡ። ዳዶዎቹን መልሼ አጠበቅኩ። ማዶ ገመገሙ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ አንዳንዴ ቀና ብለው ያዩናል።

በፊት ጎማዎች ብቻ ሜዳውንም ቁልቁለቱንም በደህና አለፍን። ችግሩ የመጣው ደብሩ ሥር ነው። የመጨረሻው አቀበት አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ሌሊት ዘንቦበታል። ወንድሜ ቢሞክር የፊት ጎማዎቹ ባሉበት ዞሩ። ደወሉ ኋላ ስለሆነ ፊቷ ቀሏታል።

"አዙራት፣ በኋላ ማርሽ እንውጣ" አልኩት።

"አብደሻል?"

"የሚጎትቱን የፊቶቹ ናቸው። አቀበት ላይ ክብደቱ ቁልቁል ወዳለው በኩል ነው የሚያርፈው። እነሱ ቁልቁል ከሆኑ መሬቱን ይይዛሉ።"

ወርዶ አቀበቱን አየ። "ገባኝ። ግን አንቺ ንጂያት፣ እኔ አንገቴ አይዞርም" ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

ቄሱ መቋሚያቸውን ይዘው ቀድመው ወጡና ከላይ ሆነው ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያመለከቱ ይመሩኝ ጀመር። አንገቴን አዙሬ፣ ዓይኔን ከመቋሚያው ሳልነቅል ነዳሁ። ጎማዎቹ አንድ ጊዜ ተንሸራተቱ፣ መልሰው ያዙ። ደጀ ሰላሙ ላይ ሊቀበሉን የቆሙት ሰዎች መጀመሪያ ሳቁ፤ መኪና በቂጧ ስትመጣ አይተው አያውቁም። ደወሉ ብቅ ሲል ግን ሳቁ ወደ እልልታ ተለወጠ።

"እንግዳው ፊት፣ አጃቢው ኋላ!" አሉ ቄሱ እየሳቁ። "በሥርዓቱ ነው የገባነው።"

ደወሉ ሲሰቀል ቆሜ አየሁ። እጄ እንደ ቆሸሸ ጠላ ሰጡኝ፤ አንዲት እናት "እውነት አንቺ ነሽ የነዳሽው?" ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜም "እኔ ነኝ" አልኳቸው።

በማግስቱ ባዶዋን መኪና ያለ ምንም ችግር ወደ ቤት መለስናት። ዲፈረንሻሉን ስከፍተው ቁራጯ ጥርሶቹ ዳር ደርሳ ነበር፤ ዘንጎቹን ሳላወጣ ትንሽ ብንሄድ ኖሮ አትመልሰንም ነበር። ሎኩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ውኃ ገብቶበት ነው የደረቀው፤ አጽድቼ መለስኩት። አዲሶቹ ዘንጎች ከአዲስ አበባ ሲመጡ ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት አስገባኋቸው። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ፣ "አሁን ወደ ፊትም ትወጣለች?" አለኝ።

"ትወጣለች። ጫን" አልኩት።