የዋይፋይ ዋጋ በጆሮ

አከራያችን የዋይፋይ ዋጋ ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም።

የቤት ኪራይ ስትጨምር ግቢው መሃል ቆማ፣ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ነው የምታውጀው። ውሃ ሲፈስ ትጮሃለች፤ በር ሲንጓጓ ትጮሃለች። የዋይፋይ ቀን ሲደርስ ግን ሌላ ሴት ትሆናለች። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን እኛን አራቱን ተከራዮች አንድ በአንድ ወደ ሳሎኗ ትጠራናለች፤ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፤ ጎንበስ ብላ ጆሯችን ስር ዋጋ ትነግረናለች። «ለአንቺ ብዬ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ።» ብሩን ስትቀበል ስልኳን ታወጣለች። የወንድሟ ልጅ አንድ መተግበሪያ ጭኖላት ሄዷል፤ የእያንዳንዳችን ስልክ እዚያ ላይ ተደርድሯል። በአንድ ጣቷ ትከፍተናለች፣ በአንድ ጣቷ ትዘጋናለች።

እኔን የምታናግረኝ በጉራጊኛ ነበር። እኔ የአገና ልጅ ነኝ፤ የእሷም የእናቷ ወገን ከዚያው ነው። «አንቺማ ልጄ ነሽ። ከአገሬ ልጅ ላይ አተርፋለሁ?» ትለኝና ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ትወስዳለች። እኔም ከሳሎኑ ስወጣ፣ ዘመድ ለሌላቸው ለሌሎቹ ተከራዮች አዝን ነበር። አይ እኔ!

ወልቂጤ የምቆየው በዚያ ዋይፋይ ነበር። አስራ ሁለተኛን ተፈትኜ ለዩኒቨርሲቲ የሚሆን ውጤት አላመጣሁም። ቡታጅራ ላይ የሴትና የሕፃናት ልብስ ሱቅ ያላት ሴት የቴሌግራም ቻናሏን እንድይዝላት ቀጠረችኝ። ፎቶ ትልክልኛለች፤ እለጥፋለሁ፤ ዋጋ ለጠየቀ በውስጥ መስመር እመልሳለሁ፤ ትእዛዝ እቀበላለሁ። የምትከፍለኝ በተሸጠው ልክ ነው። ቶሎ ካልመለስኩ ገዢዋ ሌላ ቻናል ትሄዳለች። ገዢዋ ከሄደች እኔም ወደ አገና እሄዳለሁ፤ እንሰት ልፍቅ። እንሰት መፋቅ ነውር አይደለም፤ እናቴ ያሳደገችኝ በእሱ ነው። እኔ ግን አልወደውም፣ አለቀ። ወገቤን ያመኛል፤ ሽታው ከእጄ አይለቅም፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ «አስራ ሁለት ዓመት ደብተር ተሸክመሽ፣ ይኸው!» ማለቷ ነው።

አለቃዬ ለወሬ ጊዜ የላትም። «አሰላሙ አለይኩም ብለሽ ሳትጨርሺ ኔትወርክ የለም ትይኛለሽ። ወላሂ፣ እኔ የኔትወርክ ወሬ አልገዛም። መልሺ! ካልሆነ የምትመልስ ልጅ ሞልታለች።»

ነገሩ የተበላሸው በስልክ ነው። አለቃዬ ፎቶው ጥርት ብሎ እንዲታየኝ ብላ ከሱቋ አንድ ያገለገለ ትልቅ ስልክ ላከችልኝ። በሚቀጥለው የዋይፋይ ቀን አከራዬ ስልኩን ተቀብላ እንደሚገዛ በግ መዘነችው።

«ይሄ ትልቅ ነው» አለች።

«አዎ፣ ትልቅ ነው።»

«ትልቅ ስልክ ብዙ ይስባል።»

«እትዬ፣ ስልክ በሬ ነው እንዴ፣ በግዝፈቱ ልክ የሚበላው?»

«ሦስት መቶ ሃምሳ። ለአንቺ ብዬ ነው።»

ከፈልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ጠያቂዎች ቻናሉ ላይ ተሰልፈው እየጠበቁኝ ነበር። ግን እያረርኩ ነው የከፈልኩት፤ ስወጣም በቀጥታ ጎረቤቶቼን ልጠይቅ ሄድኩ።

ነርሷ በሩን በግማሽ ከፍታ «እንደ ሰው ነው የምከፍለው» ብላ መልሳ ዘጋችው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የፊዚክስ መምህር መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አደረገና «እህቴ፣ ዋጋ እኮ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ነገር ነው» አለኝ። የፊዚክስ መምህር ነው ይሄን የሚለኝ፤ ቁጥር የሚያስተምር ሰው! እንደ እኔው ጉራጌ የሆነው የአረቅጥ ልጅ፣ ባጃጅ ነጂው ብቻ ደረቱን ነፍቶ ተናገረ።

«እኔንማ እንደ ልጇ ነው የምታየኝ። ለሰው እንዳትነግሪ እንጂ፣ በአራት መቶ ነው የለቀቀችልኝ።»

«አራት መቶ?»

«ለሌላው ሰው እኮ አምስት መቶ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ እስካለፈው ወር ሁለት መቶ ሃምሳ ነበር የምከፍለው።»

ትንሽ አሰበ። «ያንቺ ዘገምተኛው ይሆናላ» አለኝ።

አንድ ሳጥን ነው ያለው! አንድ ሳጥን፣ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ የሁላችንም ከእሱ የሚወጣ። ይሄን ባስረዳው «አታካብጂ ባክሽ» ብሎኝ ባጃጁን አስነሳ።

በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ ስትጠራኝ ወደ ሳሎን አልገባሁም። ግቢው መሃል፣ የልብስ ገመዱ ስር ቆምኩ።

«እትዬ፣ እዚሁ ይንገሩኝ።»

«ግቢ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?»

«ኪራዩን እዚህ ነው የሚነግሩን፤ ዋይፋዩንም እዚህ ይንገሩን። እኔ ሦስት መቶ ሃምሳ። አንተስ? አራት መቶ አላልክም?»

ባጃጁን ሲጠርግ የነበረው ነጂ ጨርቁን ጨመቀ። ነርሷ ከበሯ ብቅ አለች፤ አራት መቶ የሚለውን ስትሰማ መሳቋን መደበቅ አልቻለችም። «እኔ ሁለት መቶ ሃምሳ ነኝ» አለች። ሁላችንም ዞረን ደጃፉ ላይ የቆመውን መምህር አየነው። መምህሩ ጫማውን እያየ ነበር።

«ሁለት መቶ» አለ በመጨረሻ። «ግን እኔ የገባሁ ዕለት ተከራክሬ ነው። ካልተቀነሰ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ ብዬ።»

ያኔ ገባኝ። ማንንም የማያውቀው ባዕድ ዝቅተኛውን ይከፍላል፤ ልጄ የተባለው ከፍተኛውን። ባዕዱ ይከራከራል፣ ሊሄድም ይችላል። «ልጄ» ከተባለ ሰው ግን ክርክር አይጠበቅም፤ ያፍራል። ሴትየዋ ዝምድናችንን ነበር ስትሸጥልን የኖረችው።

ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ምን በወጣት! ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ እኔ መጣች።

«ደግሞ አንቺን ብሎ የዋጋ ጠበቃ! ለልጅ ልጄ ቀሚስ ስንት ነው ብዬ ቻናልሽ ላይ ስጠይቅ ‹ዋጋ በውስጥ መስመር› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ለምን እዚያው በአደባባይ አልነገርሽኝም?»

«ለኔም እንደዚያ ነው ያለችኝ» አለች ነርሷ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ዋጋውን የምታወጣው አለቃዬ ናት፣ እኔ አስተላላፊ ነኝ ልል ስል ቀደመችኝ።

«እኔ ለመስመሩ በየወሩ ሁለት ሺህ ብር እየከፈልኩ ነው። ከሰማይ የሚወርድልኝ መስሏችኋል? እኩል ነው ያላችሁት? ጥሩ፤ እኩል። ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉም አራት መቶ። የማይከፍል ይዘጋል።»

እኩልነት መጣልን። የሚገርመው፣ ማንም በእሷ አልተቆጣም፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መምህሩ ሰላምታ አቆመ። ነርሷ «ተስማምተን በኖርንበት!» እያለች እኔ እንድሰማ ለግድግዳው ታወራለች። ባጃጅ ነጂው እንኳ፣ ያው አራት መቶ ሲከፍል የኖረው፣ ዋጋው ሳንቲም ያልተነካው ሰው፣ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» አለኝ።

«ምኑን ነው ያበላሸሁብህ? አራት መቶ ነበር፣ አራት መቶ ነው።»

«በፊት እኮ ለኔ ተብሎ ነበር!»

እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይወራል?

አራት መቶ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም አልሰጣትም ነበር። ዘጋችኝ። የሞባይል ጥቅል መግዛት ጀመርኩ። ጠዋት የገዛሁት ማታ የለም፤ የቀሚስ ፎቶ ገና ሳይወርድልኝ «ጥቅልዎ አልቋል» ይለኛል። አለቃዬ ስትደውል በድምፅዋ ውስጥ ሰላምታ አልነበረም።

«እስከ ሰኞ ነው። ሰኞ እንዲህ ከሆነ ሥራውን ለእህቴ ልጅ እሰጣታለሁ።»

«እትዬ፣ አከራዬ ናት እኮ። ለመስመሩ ሁለት ሺህ እየከፈልኩ ነው ብላ…»

«ሁለት ሺህ? ምን ዓይነት መስመር ነው?»

ነገርኳት። ሳቀች፤ ያን ሰሞን የሰማሁት ብቸኛ ሳቋ ነው። የእሷ ሱቅ መስመር ያው ነው፣ ፍጥነቱም ያው። በቅርቡ ስለገባች የምትከፍለው ግን ከሁለት ሺህ ግማሹን ነው።

ለአከራዬ የነገርኳት አዝኜላት አይደለም። እንድትናደድ ነው የፈለግኩት፤ ተናደደችም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን ቀይራ፣ በቀጥታ ወደ ኢንተርኔቱ ቢሮ። እኔም ተከተልኳት፤ ይሄን ሳላይ አልቀርም።

መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ከረባት አስሯል፤ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አያነሳም።

«እናቴ፣ እሱ ለአዲስ ደንበኛ የወጣ የማስተዋወቂያ ዋጋ ነው። እርስዎ ነባር ደንበኛ ነዎት።»

«ነባር በመሆኔ ነው የምትቀጣኝ?»

«ቅጣት አይደለም፣ ሲስተሙ ነው።»

«አንድ ወር እንኳ ሳላጓድል ከፍዬ! ያው ሽቦ፣ ያው ሳጥን! አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው እንዴ? አላህን አትፈሩም? እግዚአብሔርን አትፈሩም?» ለሁለቱም አቤት አለች፤ ወረፋው የተደባለቀ ነበር።

ከሳቄ ጋር እየታገልኩ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ልጁ ወረፋውን አየ፤ ሰው መስማት ጀምሯል። ተነሳና በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ስር አንድ ነገር አላት። አከራዬ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ፊቷ ሲበራ ዓይኔ አየ። «ተባረክ፣ የኔ ልጅ» ብላ ከወረፋው ወጣች።

«ስንት አደረገልዎት?» አልኳት።

«አንቺን ምን አገባሽ?»

«የእኛስ ይቀንሳል?»

«አራት መቶ ነው ያልኩት፣ አራት መቶ ነው።»

ቤቷ በር ድረስ ተከትያት የምጮህባት ስንት ነገር ነበረኝ። ግን ሰኞ እየመጣ ነበር። ወረፋው ውስጥ ገባሁ። ተራዬ ሲደርስ «አዲስ ደንበኛ ነኝ» አልኩ። ልጁ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አልሰማሁም። ጮክ ብለህ ንገረኝ።»

«እህቴ፣ ወረቀቱ ላይ…»

«ማንበብ እችላለሁ። ከአፍህ ነው መስማት የምፈልገው።»

ነገረኝ። ከኋላዬ ኮፍያ ያደረጉ፣ የቡና ነጋዴ የሚመስሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «ስንት አልክ? ድገመው እስቲ» አሉት። ደገመው። «እኔስ ታዲያ? እኔ ለምንድነው…» አሉና ደረሰኛቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ፣ ከእሳቸው ኋላ ያለችውም ቦርሳዋን መፈተሽ ጀመረች። ወረፋው ተበተነና ሁሉም በአንድ ጊዜ መስኮቱ ላይ ተደፋ። ልጁ «ሲስተሙ ነው! ሲስተሙ ነው!» ሲል ፎርሜን ፈርሜ ወጣሁ። የከፈልኩት ለኪራይ ያስቀመጥኩትን ነው።

አከራዬ «በኔ ግድግዳ ሽቦ አያልፍም» አለች። እኔም ፍራሼን ጠቅልዬ ወጣሁ። ያገኘሁት ቤት ከወፍጮ ቤት ጀርባ የተጠጋ ጭቃ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ዱቄት ይገባል፤ ሳጥኑን በፌስታል ሸፍኜዋለሁ። ሽቦውን የዘረጋው ሠራተኛ ከመሰላሉ እየወረደ እያለ፣ ዋጋው ለስድስት ወር ብቻ እንደሆነና ከዚያ ነባር እንደምባል ነገረኝ። ነባር መሆን እዚህ አገር እንደ በሽታ ነው፤ ቀስ ብሎ ይይዝሻል።

ባጃጅ ነጂውን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሁሉም አንድ በአንድ ወደ ሳሎኑ ተመልሰዋል። ለእሱ ተቀንሶለታል። «ስንት?» ብለው፣ ግራና ቀኝ አየና «ተይ አንቺ ደግሞ» ብሎኝ ሄደ።

ለአለቃዬም ዋጋውን ከቀሚሱ ስር ልጻፈው ብያት ነበር። «ስንት ብለሽ ነው የምትጽፊው?» አለችኝ። «ለአዲስ አበባዋና ለወልቂጤዋ አንድ ነው እንዴ?» ልከራከራት ጀመርኩ። ስልኩን ዘጋችው። እኔም አልጻፍኩም፤ እስከዛሬም አልጻፍኩም። ኪራይ የሚከፈለው በእሷ ብር ነው፤ ይሄን አሳምሬ አላወራውም።

አለቃዬ የቀጠረችልኝ ሰኞ ጠዋት፣ ወፍጮው ሳይነሳ ሳጥኑ ላይ አረንጓዴ መብራቱ በራ። «አለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ምንም ሳትመልስ ፎቶ ላከች፤ ደግማ ላከች፤ ቀሚስ፣ ሹራብ፣ የሕፃን ጫማ፣ እየተከታተለ ይወርድ ጀመር። ፍራሹ ላይ ተቀምጬ እስኪመሽ መለስኩ። የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በአገናዋ ሚኒባስ ለእናቴ ሳሙናና ዘይት ላኩላት። ረዳቱ «አንቺስ? ቦታ አለ እኮ» አለኝ። የለሁበትም አልኩት።